ሁልጊዜ ፈገግ የሚል ፊደል

«አንተ ግጥሙን አንብብ፤ ከፊደሉ ቅርጽ ምን አለህ?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። አለኝ እንጂ! ቃል ወደ ዓይናችን የሚደርሰው በፊደል ጀርባ ተጭኖ ነው፤ ተሸካሚው ሲንገዳገድ ጭነቱ ይፈስሳል።

አዲስ የግጥም መድበል በገለጥሁ ቁጥር የሚቀበለኝ ያ ቀጭን፣ ክብ፣ ጫፉ ዱልዱም የሆነ ፎንት ነው። በኮምፓስና በማስመሪያ የተነደፈ የሚመስል፣ ማዕዘን የሚፈራ፣ ሙሾንም ሠርግንም በአንድ ፈገግታ የሚያስተናግድ። ዘመናዊነት ይኸው ነው ተብሏል፤ ማን እንዳለው ግን አይነገረንም።

ዘሩን አልንቅም። ፓውል ሬነር እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው ፉቱራ የዚህ ሁሉ ክብነት አያት ነው፤ በ1969 ጨረቃ ላይ የቀረው የአፖሎ 11 ሰሌዳም የተጻፈው በእርሱ ነው። በ1979 ለፎልክስዋገን የተቀረጸው ቫግ ራውንድድ ደግሞ ጫፉን አድቦልቡሎ ለመኪና ሻጭ የሚስማማ የወዳጅ ፊት ይዞ መጣ። በሱቅ ሰሌዳ ላይ፣ በሕፃናት መጫወቻ ካርቶን ላይ፣ ገዝፎ ሲጻፍ እሰየው! ነገር ግን የሬነርን ፊደል ጠጋ ብላችሁ እዩት፤ ክቡ ከቋሚው በሚጋጠምበት ቦታ መስመሩ ቀጠን ይላል። ሰውዬው ኮምፓሱን አላመነም፤ ያመነው ዓይኑን ነው። የእኛ ቀጂዎች ሳይቀዱ የተዉት ይህንኑ ነው።

የግዕዝ ፊደል የመቃ ብዕር ልጅ ነው። ውፍረቱና ቅጥነቱ የእጅ አካሄድ እንጂ ጌጥ አይደለም። ሣልስን ከኃምስ የምትለየው ደግሞ ብዙ ጊዜ እግር ሥር ያለች አንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ናት። በዚህ ፎንት ጭረቷ ትድቦለቦልና ቀለበት ትመስላለች፤ ቀለበቷም ስታንስ ትደፈንና ጭረት ትሆናለች። ስደተኛው ገጣሚ «ቤቴ» ብሎ ያለቀሰውን አንባቢ «ቤቲ» ብሎ ያነበዋል! (ቤቲ የምትባል ካለች ደስ ይበላት።) «ፀ»ም ከሆዷ ያለው ቀጭን ሰረዝ ከጠፋ «ዐ» ሆና ቀረች፤ ፀሐይ ጠለቀች ማለት ነው።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ። «ይቆጥቡ፣ ይሸለሙ» የሚለው ግብዣ በክብ ፊደል ሲጻፍ አላማርርም። የቅጣት ወለዱ አንቀጽ በዚያው ፊደል ሣሥቶና አንሶ፣ በግራጫ ቀለም ከብድር ውሉ ጀርባ ሲታተም ግን አመርራለሁ። አንድ አባት ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብለው «ልጄ፣ ይህ ምን ይላል?» ይሉኛል፤ አነብላቸዋለሁ። ወረፋው ረዝሞ ሳያነብላቸው የሚያስፈርማቸውስ ሞልቶ የለም? ገጣሚውም ከአንባቢው ጎን ቆሞ «ይህ ቤቴ ነው» ሊል አይችልም።

እንግዲህ አሳታሚዎች ሆይ፣ ሽፋኑን እንደ ወደዳችሁ አድቦልቡሉት። ገጹን ግን ከማተማችሁ በፊት መጽሐፉ በሚወጣበት መጠን አንድ ቅጠል አትሙና፣ ማታ በአምፖል ብርሃን፣ መነጽር ለሚያደርግ ሰው ስጡት። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ወደ ኮምፒውተሮቻችን የገባው ኒያላ እንኳ ወፍራምና ቀጭን መስመርን ለይቶ ያውቃል፤ ከእርሱ የባሰ ለምን ትመርጣላችሁ?