ጥቁሩ ግልገል ከየት መጣ?
የበግ ቀለምና የአውራ ምርጫ በቆላው ገበሬ ዘንድ

በጋሞ ዞን በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ፣ ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው ላንቴ በይበልጥ የሚታወቀው በሙዝ ምርቱ ነው። ሆኖም እንደማንኛውም አካባቢ ሁሉ ለገበሬው ቤተሰብ በግ የችግር ጊዜ ገንዘብ ነው። የትምህርት ቤት ወጪ ሲመጣ፣ ሰው ሲታመም ወይም የማዳበሪያ ዕዳ ሲደርስ ከበረቱ ተስቦ የሚሸጠው በግ ነው። ስለሆነም የበግን ዋጋ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ነገር ሁሉ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን የሚመለከት ጉዳይ ነው።

በብዙ የአገራችን ገበያዎች ገዢው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ቀለምን ነው። ለዘመን መለወጫ፣ ለፋሲካና ለአረፋ ቀይ ወይም ነጭ በግ ሲፈለግ፣ ጥቁሩ በክብደት እኩል ሆኖ ሳለ ዋጋ ይቀነስበታል። ከዚህም የተነሣ ከቀይ አውራና ከቀይ እናት ጥቁር ግልገል ሲወለድ ባለቤቱ ይደነግጣል። አንዱ እረኛውን ይወቅሳል፤ ሌላው የጎረቤት አውራ ገብቶበት ነው ይላል፤ እናቲቱን አውጥቶ የሚሸጥም አይጠፋም። የጎረቤት አውራ በእርግጥ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ማንም ሳይገባ፣ ማንም ሳይሳሳት ጥቁር ግልገል ሊወለድ እንደሚችል መታወቅ አለበት።

ምክንያቱ የሚገኘው በዘር አወራረስ ሕግ ነው። ይህን ሕግ መነኩሴው ግሪጎር ሜንዴል በገዳሙ ጓሮ አተር እየዘራ ካጠና በኋላ በ1858 ዓ.ም. በጽሑፍ አወጣው። እያንዳንዱ ግልገል ለእያንዳንዱ ጠባይ ሁለት የዘር ቅንጣት፣ ማለትም ሁለት ጂን፣ ይይዛል፤ አንዱን ከአባቱ፣ ሌላውን ከእናቱ ይወርሳል። ከሁለቱ አንዱ ገዢ ሲሆን ሌላው ስውር ሊሆን ይችላል። ስውሩ በገዢው ተሸፍኖ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሳይታይ ይተላለፋል።

በበጎች ቀለም ላይ ዋናውን ሥራ የሚሠሩ ሁለት የጂን ቦታዎች ናቸው። የመጀመሪያው አጉቲ ይባላል። በዚህ ቦታ ቀዩን ወይም ነጩን መልክ የሚሰጠው ጂን ገዢ ሲሆን ጥቁሩ ስውር ነው። ሁለት ቀይ በጎች እያንዳንዳቸው ስውሩን ጥቁር ጂን ይዘው ቢገናኙ፣ በአማካይ ከአራት ግልገሎች አንዱ ጥቁር ሆኖ ይወለዳል። ሁለተኛው ቦታ ኤክስቴንሽን ይባላል። በዚህ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ጥቁሩ ገዢ የሚሆንባቸው ዝርያዎች አሉ። ስለሆነም «ጥቁር» የሚባለው በግ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከሁለት ቀይ ወላጆች ጥቁር ከተወለደ ጥቁረቱ ስውር ዓይነት ነው፤ ከሁለት ጥቁር ወላጆች ቀይ ከተወለደ ግን ጥቁረቱ ገዢ ዓይነት ነው። ቦቃውና ዥጉርጉሩ ደግሞ በሌሎች ጂኖች የሚመጣ በመሆኑ ከዚህ ጋር መደባለቅ የለበትም።

ጥቁሩን ግልገል እየሸጡ ወይም እያረዱ ጥቁረትን ከመንጋው ማጥፋት ይቻላል ብሎ ማሰብ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሂሳቡ ግልጽ ነው። በጎቹ እንደተገኙ በሚራቡበት መንጋ ከ100 ግልገሎች 4ቱ በስውሩ ጂን ምክንያት ጥቁር ሆነው ከተወለዱ፣ ከቀሪዎቹ መካከል 32 ያህሉ ጂኑን ተሸክመዋል ማለት ነው። ዓይን የሚያየው አራቱን ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ አውራ ስውሩን ጂን መያዝ አለመያዙን ያለ ላቦራቶሪ ማወቅ ይቻላል። ቀዩን አውራ ስውር ዓይነት ጥቁረት ካላቸው እናቶች ጋር ማገናኘት ነው። አንድ ጥቁር ግልገል እንኳ ከተወለደ አውራው ተሸካሚ ነው። ሰባት ግልገሎች ተወልደው ሁሉም ቀይ ከሆኑ ግን ተሸካሚ ሆኖ ሳለ የማምለጡ ዕድል ከመቶ አንድ አይሞላም። የበግ እርግዝና አምስት ወር ያህል ስለሆነ ውጤቱን ለማየት ብዙ አያስጠብቅም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ቀለም የሚያስከፍለው ዋጋ ነው። ለምሳሌ በአንድ መንደር 20 ጠቦቶች ቢኖሩና ከእነሱ የሚፈለገው ቀለም ያላቸው 5 ቢሆኑ፣ በዕድገት የተሻለውን አውራ ለመምረጥ የሚቀረው መስክ ከ20 ወደ 5 ጠበበ ማለት ነው። ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ከአሥራ አምስቱ መካከል ከሆነ ጠፋ። በዚህ ላይ መልኩ ያማረው፣ አካሉም የዳበረው ጠቦት ለበዓል ቀድሞ ስለሚሸጥ ለዘር የሚቀረው ብዙ ጊዜ ገዢ ያጣው ነው። ገበሬው ሳያውቀው መንጋውን ወደ ኋላ የሚመርጠው እንዲህ ነው። አንዲት እናት በዓመት የምትወልደው አንድ ወይም ሁለት ሲሆን አንድ አውራ ግን የብዙ ግልገሎች አባት ስለሚሆን ጉዳቱ በአንድ በረት አይወሰንም።

ይህ ማለት ግን ቀለም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ገበያው ከፈለገው ገንዘብ ነው። እንደ ላንቴ ባለ ሞቃት ቆላ ጥቁር ጠጉር የፀሐይን ሙቀት አብዝቶ ስለሚስብ ፈዘዝ ያለው መልክ የራሱ ጥቅም አለው። በብርዳማው መንዝ ደግሞ ጥቁሩ ጠጉር ለባናና ለበርኖስ መሥሪያ ሲፈለግ ኖሯል። ቁም ነገሩ ቀለሙ ከክብደት፣ ከመንታ ወላድነትና ከጤና ቀጥሎ እንጂ ቀድሞ እንዳይመጣ ማድረግ ነው።

ለዚህ አርአያ አለ። በመንዝ፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በአፋር ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ገበሬዎችና አርብቶ አደሮች ከምርምር ተቋማት ጋር በመተባበር የማኅበረሰብ የበግ ማሻሻያ ሥራ ጀምረዋል። በዚህ አሠራር ግልገሎች ሲወለዱ ይመዘገባሉ፤ ስድስት ወር ገደማ ሲሆናቸው ይመዘናሉ፤ ከዚያም በማኅበሩ የተመረጡ ሰዎች የተሻሉትን ጠቦቶች ለዘር ያስቀራሉ። የተመረጠው አውራ በጋራ ያገለግላል፤ ከልጆቹ ጋር እንዳይገናኝም ከመንደር መንደር ይዛወራል። ያልተመረጡት ይሸጣሉ ወይም ተቀጥቅጠው ይሰባሉ።

ላንቴም ሆነ ሌላው የቆላ ቀበሌ ይህን ለመጀመር ብዙ ገንዘብ አያሻውም። አንድ መዝገብና አንድ ሚዛን ማዘጋጀት፣ የእያንዳንዱን ግልገል አባትና እናት፣ ቀለምና ክብደት መጻፍ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥሩው ጠቦት ከበዓል ገበያ በፊት ተለይቶ እንዲቀር መስማማት ያስፈልጋል። ጠቦቱን ለዘር ያስቀረው ገበሬ ብቻውን እንዳይጎዳ ተጠቃሚዎቹ ዋጋውን በጋራ ሊችሉለት ይገባል። ይህን ስምምነት ማስገኘት የማኅበሩ መሪዎች ሥራ ነው። መዝገቡ ሲኖር፣ ጥቁር ግልገል በተወለደ ጊዜ እረኛው አይወቀስም፤ መዝገቡ ይታያል።