ስለ ምርምር ሊቃውንት አመዛዘን

በማናቸውም አገር የምርምር ገንዘብ የሚያድሉ ሹማምንት ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ልማዳቸው ነው። አንደኛው «ይህ ሰው የየትኛው ክፍል ነው?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «በዚህ ዓመት ምን አስገኘ?» የሚል ነው። የሕዝብ ገንዘብ በአደራ የተቀበለ ሰው ይህን መጠየቁ አይነቀፍም። ነገር ግን ሚዛኑ እነዚህ ሁለቱ ብቻ የሆኑ እንደ ሆነ ምን ያህል ጥበብ ከደጅ እንደሚመለስ የወይዘሮ ካታሊን ካሪኮ የሥራ ታሪክ በግልጥ ያስረዳል። (ከዚህ በታች የሚነገረው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።)

ወይዘሮ ካሪኮ በ1955 በሀንጋሪ አገር ተወልደው ኪሹይሳላሽ በምትባል ትንሽ ከተማ አደጉ። አባታቸው ሥጋ ሻጭ ነበሩ፤ በቤታቸውም የቧንቧ ውሃ አልነበረም። በሴገድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1982 የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበሉ። የሥራቸው ገንዘብ በተቋረጠ ጊዜ በ1985 ከባላቸውና ከትንሽ ልጃቸው ጋራ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። የአገሩ ሕግ ብዙ ገንዘብ ይዞ መውጣትን ይከለክል ስለ ነበር መኪናቸውን ሽጠው ያገኙትን 900 ፓውንድ ያህል በልጅቱ የመጫወቻ ድብ ውስጥ ሰፍተው አወጡት።

የደከሙበት ነገር መልእክተኛ አር ኤን ኤ ይባላል። ይህን ለመረዳት የመጻሕፍትን ዕቃ ቤት ማሰብ ይበቃል። ዋናው ብራና ከዕቃ ቤቱ አይወጣም፤ ጸሐፊው የሚያስፈልገውን አንድ ቅጠል ብቻ ገልብጦ ለሠራተኛው ይልክለታል። በሰው ሕዋስ ውስጥም ዋናው መጽሐፍ ዲ ኤን ኤ ነው፤ አር ኤን ኤ ግን ተገልብጦ የተላከው ቅጠል ነው፤ ሥራው ሲፈጸምም ፈርሶ ይጠፋል። ይህን ቅጠል ሰው ራሱ ጽፎ ቢልከው ሰውነት መድኃኒቱን ለራሱ ይሠራል ብለው ወይዘሮ ካሪኮ አሰቡ።

እንዲህ ያለው አሳብ የአንድ ክፍል ብቻ ሊሆን አይችልም። በ1989 በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሲቀጠሩ ከልብ ሐኪሞች ጋራ ሠሩ። የገንዘብ ማመልከቻቸው ግን ደጋግሞ ተመለሰ፤ በ1995ም ወደ ፕሮፌሰርነት ከሚያደርሰው መንገድ ወጥተው ማዕርጋቸው ዝቅ አለ። ይህም የሆነው ባላቸው በቪዛ ምክንያት በሀንጋሪ በቀሩበት፤ እርሳቸውም የካንሰር ሥጋት በያዛቸው ወራት ነው። ኋላም ሥራቸውን ያውቁ የነበሩት ዶክተር ዴቪድ ላንገር አለቃቸውን አስፈቅደው ወደ አንጐል ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቧቸው። በዚያም፤ በራስ ውስጥ ደም ከፈሰሰ በኋላ የሚጠበውን የደም ሥር በአር ኤን ኤ ለማላላት ሞከሩ፤ ሙከራው ግን ለበሽተኛ አልደረሰም።

የክትባት ተመራማሪ ከሆኑት ከዶክተር ድሩ ዋይስማን ጋራ የተዋወቁት ደግሞ በወረቀት ማባዣ መኪና አጠገብ ነው። የክፍል ድልድል ብቻ ቢሆን ኖሮ የአንጐሉና የክትባቱ ሰው በምን ይገናኙ ነበር? ሁለቱ ሆነው የመረመሩት ጥያቄ፤ በሰው እጅ የተሠራው አር ኤን ኤ ለምን ብግነት ያስነሣል፤ ከሰውነት የሚገኘው ሌላው ዓይነት አር ኤን ኤስ ለምን አያስነሣም የሚል ነበር። መልሱን ከፊደሉ አገኙት። ዩሪዲን የተባለውን ፊደል ፕስዩዶዩሪዲን በሚባለው በተለወጠው ዓይነት ቢተኩት፤ የሰውነት ዘበኛ መልእክቱን እንደ ጠላት ማየቱን ተወ። ይህን በ2005 ቢያሳትሙት ልብ ያለው ሰው ጥቂት ነበር። ወይዘሮ ካሪኮ በ2013 ወደ ጀርመን አገር ባዮንቴክ ወደሚባለው ኩባንያ ሄዱ። በታኅሣሥ 2020 በዚሁ ጥበብ የተሠራው የኮሮና ክትባት ለሕዝብ መሰጠት ጀመረ፤ በ2023ም ሁለቱ የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ ከልብና ከአንጐል አልፎ ወደ ማሕፀን ሐኪሞችም ደርሷል። ነፍሰ ጡሮች በመጀመሪያው የክትባት ፈተና አልገቡም ነበርና፤ ክትባቱ መካን ያደርጋል የሚል ወሬ በብዙ አገር ተነዛ። ኋላ ሊቃውንቱ የብዙ ሺህ ሴቶችን መዝገብ መርምረው መካንነትን እንደማያመጣ፤ የእናቲቱም መከላከያ በእትብት ወደ ሕፃኑ እንደሚሻገር አስረዱ። እነዚህ ሐኪሞች ከመጀመሪያው በጉዳዩ ገብተው ቢሆን ኖሮ ወሬው ይህን ያህል ስፍራ ባላገኘም ነበር።

እርግጥ ነው፤ የተመለሰ ማመልከቻ ሁሉ የተገፋ ጥበብ አይደለም፤ ሹሙም ነቢይ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ነገር ግን ከምርምሩ ገንዘብ ጥቂቱን እጅ ፍሬው ለሚዘገይ ሥራ መለየት፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚሻገረውንም ሰው ማዕርጉን ሳይቀንሱ ማኖር ይቻላል። ይህም ግምጃ ቤት የሚያራቁት ወጪ አይደለም፤ ወይዘሮ ካሪኮ በፔንሲልቫኒያ ሳሉ ደመወዛቸው በዓመት ከ60,000 ዶላር በልጦ እንደማያውቅ ተጽፏል።