መልስ ያጣ ሕዝብ ወሬ ይሰማል

ጋፋት ደብረ ታቦር አጠገብ ያለች መንደር ናት። ስሟ ሲነሣ ሰው ሁሉ ሴባስቶፖልን ያስታውሳል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ የፈረንጅ ሚስዮናውያንን ሰብስበው መድፍ ያሠሩባት ናትና። እኔን ግን የዚያ ዘመን ነገር በተወራ ቁጥር ትዝ የሚለኝ አንድ ደብዳቤ ነው።

በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ንጉሡ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ ወዳጅነት ጠይቀው ጻፉ። ደብዳቤው ለንደን ገባ፤ መልስ ግን የለም! ንጉሡ ዝምታውን ንቀት አሉት። በ1856 ቆንስሉን ካሜሮንን አሰሩ። የነገሩ መጨረሻ ሚያዝያ 1860፣ መቅደላ ላይ ሆነ። ጦርነቱ ሌላም ምክንያት ነበረው እንበል። መልስ ያጣችው ወረቀት ግን ከምክንያቶቹ አንዷ ነበረች።

ይህን ያነሣሁት ታሪክ ለማውራት ብዬ አይደለም፤ የዛሬዎቹ ሹማምንትም ያንኑ ዝምታ ስለያዙት ነው። ተኩስ ተሰማ ሲባል ዝም። መንገድ ተዘጋ ሲባል ዝም። ሰው ሞተ ሲባል ደግሞ ከሰነበተ በኋላ «አካባቢው ሰላም ነው» የሚል መግለጫ ይመጣል። ታዲያ የተጨነቀ ሕዝብ ምን ያድርግ? ፌስቡኩን ይከፍታል፣ ቴሌግራሙን ይከፍታል፣ ዩቲዩብ ላይ የሚጮኸውን ይሰማል። የሚጮኸው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን በዓይኑ አላየም።

ወሬ ሰው ይገድላል ወይ ለሚለኝ ባሕር ዳርን አሳየዋለሁ። በጦርነቱ ወቅት፣ በመስከረም 2014 መጨረሻ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ስማቸውና ፎቷቸው ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ የትግራይ ተወላጅ ነበሩና ያልሠሩት ወንጀል ተለጠፈባቸው። ጥቅምት 24 ቀን በቤታቸው ደጅ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው ጽሑፉ እንዲነሣ ለኩባንያው አመልክቶ ሰሚ በጊዜ አላገኘሁም ብሎ በታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላል ያገሬ ሰው። የጣት ወለምታማ ሬሳ ያስወጣል!

መንግሥት ለዚህ መድኃኒት አለኝ ይላል። በ2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ። በ2015 ሐምሌ ማብቂያ ደግሞ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተዘጋ። ጉድ በል ጎንደር! ኢንተርኔት ሲዘጋ ወሬ ይዘጋል እንዴ? ወሬ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ በገበያ ይሄዳል፣ ባሕር ማዶ ያለው ተናጋሪም ማይክራፎኑን የነጠቀው የለም። የተዘጋው እዚህ ያለው ሰው አፍ ነው፤ «ኧረ እኔ እዚያው ነበርኩ፣ ነገሩ እንዲህ አልሆነም» ሊል የሚችለው ሰው።

እኛስ ከተቃዋሚ ወገን ያለነው? የገዥውን ውሸት እየቆጠርን የራሳችንን ወገን ውሸት «ለትግሉ ይጠቅማል» ብለን ካለፍን፣ ነገ እውነቱን ስንናገር ማን ሊሰማን ነው? ድል ያልሆነውን ድል፣ የሌላ አገር ሬሳ ፎቶ ወስዶ የእኛ ነው የሚል ሰው ወገኔ አይደለም። በእውነት የሞተብንን ሰው ነው ውሸት የሚያስመስልብን።

ስለዚህ ሹማምንቱን የምላቸው አጭር ነው። የምታውቁትን በዕለቱ ንገሩን፤ ያላወቃችሁትን «ገና እያጣራን ነው» በሉ፤ ስትሳሳቱም አርሙ። መታመን በአዋጅ አይመጣም።

አንባቢዬንም አንድ ነገር እለምናለሁ። አባቶቻችን «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» ብለዋል። ስልክህ ላይ የመጣውን ለሌላ ከመላክህ በፊት ማን አየ? የት? መቼ? ብለህ ጠይቅ። መልስ ካጣህ ጣትህን ሰብስብ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን የሰው ደጅ ላይ ጥይት እንዳይደርስ የምትጠብቀው አንተው ነህ።