ከቀለሙ ሥር ያለው ዝገት

ባለፈው ነሐሴ ልጄን ወደ አያቷ ቤት እየወሰድኳት ሳለ ከኋላ ወንበር ሆና "እማዬ፣ ካልሲዬ ረጠበ" አለችኝ። ዝናቡ ከባድ ነበር፤ መስኮቶቹ ግን ሁሉም ዝግ ናቸው። ቤት ስንደርስ የወለሉን ምንጣፍ ገለጥኩት። ላሜራው ቡናማ ሆኖ ይፈረፈራል። አንዱን ጥግ በጣቴ ጫን ሳደርገው ቀዳዳ ሆነ። ጥጉን ይዞት የነበረው ስቱኮና ከላዩ የተቀባ ጥቁር ቀለም ነበር።

መኪናዋን ከገዛኋት ገና ስምንት ወሯ ነው። ያኔ "ቀለሟ አዲስ ነው" ስባል ደስ ብሎኝ ነበር። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው፤ ቆንጆ ማሸጊያ ገዢን ምን ያህል እንደሚያማልል አውቃለሁ። እኔው ግን በማሸጊያ ተሸወድኩ።

ሰፈር ያሉትን ባትላሜራ "ጋሼ፣ ከላዩ ቀለም ቢቀቡልኝስ?" አልኳቸው። "ልጄ፣ ቁስል ሳያጥቡ በፋሻ ማሰር ይሆናል" አሉኝ። ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነው። ዝገት ብረት፣ ውሃና አየር ሲገናኙ ይፈጠራል። ቀለም የሚጠቅመው ንጹሕ ብረት ላይ ሲያርፍ ነው። ዝገት ላይ ከተቀባ ግን እርጥበቱ ከሥሩ ታፍኖ ይቀራል፤ ከወራት በኋላ ቀለሙ እንደ ብጉር ያብጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ ደረጃውን ለዩ። ላይ ላዩን ብቻ የዛገ ከሆነ እናንተም ልትሠሩት ትችላላችሁ። ዝናብ የሌለበት ቀን ምረጡ፤ የአፍ መሸፈኛና የዓይን መነጽር አድርጉ። ቦታውን አጥባችሁ አድርቁ። በሽቦ ብሩሽና 80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈግፍጉ፤ ከዝገቱ ጠርዝም ትንሽ እለፉ። ጠርዙን በ240 ቁጥር አለስልሱ። ጉድጓድ ውስጥ የቀረ ጥቁር ነጥብ ካለ ፎስፎሪክ አሲድ ያለበትን ዝገት ማምከኛ በመመሪያው መሠረት ቀቡት። ከዚያ በንጹሕ ጨርቅና በቲነር ወልውሉና በዚያው ቀን የኢፖክሲ ፕራይመር ቀቡ። ራቁቱን ያደረ ብረት በእጅ ላብና በሌሊት እርጥበት ብቻ እንደገና መዛግ ይጀምራልና። ስቱኮ ካስፈለገ ከፕራይመሩ በላይ ስስ ሆኖ ይገባል፤ ስቱኮ እርጥበት ይመጣል። ቀለሙና ክሊሩ በመጨረሻ ይከተላሉ።

ብረቱ ከተበሳ ግን ስቱኮ መፍትሔ አይደለም። የበሰበሰው ተቆርጦ ይወጣል፣ አዲስ ላሜራ ይበየዳል። ብየዳው የጀርባውን መከላከያ ስለሚያቃጥለው ጀርባውም ፕራይመር መቀባቱን በዓይናችሁ አረጋግጡ። በተለይ ወለል፣ ከበሮቹ ሥር ያለው ደፍ፣ ሻሲና የደህንነት ቀበቶ የታሰረበት ቦታ በስቱኮ ተሸፍነው አይታለፉ። በግጭት ጊዜ ቤተሰባችሁን የሚይዘው ያ ብረት ነው።

መኪና ልትገዙ ከሆነ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሂዱ። በፓራፋንጎውና በበሮቹ ግርጌ አስጠጉት፤ ብረት በሆነ አካል ላይ አልይዝ ካለ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ ሊኖር ይችላል። ምንጣፉንም አስገልጡ። መኪናው ከባሕረ ሰላጤ የባሕር ዳርቻ ከተሞች ወይም በብርድ ወራት መንገድ ላይ ጨው ከሚበተንባቸው የአውሮፓ አገሮች የመጣ ከሆነ ከሥሩ ደጋግማችሁ እዩ፤ ጨው ዝገትን ያፋጥናል።

ለማዘግየት ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በየበሩ ግርጌ የውሃ መውጫ ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ፤ አቧራና ቅጠል ሲደፍናቸው ውሃው በሩ ውስጥ ይተኛል። በቀጭን እንጨት ክፈቷቸው። ከፊት መስተዋቱ ሥር የተጠራቀመ ቅጠል አንሱ። በጎማው ዙሪያ የተለጠፈ ጭቃ እርጥበት ይዞ ይቆያልና በውሃ አስለቅቁት። ጠጠር የላጠውን ቀለም ሳይውል ሳያድር ንኩት። እርጥብ መኪና በላስቲክ አትሸፍኑ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደጃችን የቆመችውን አሮጌ መኪና ማቆየት ለብዙዎቻችን የቤት በጀት ጉዳይ ሆኗል። የእኔዋ ወለል ተቆርጦ ተበይዷል፤ የከፈልኩት ያኔ ምንጣፉን ገልጬ ብሆን ኖሮ ከዋጋው ላይ የማስቀንሰው ገንዘብ ነበር። ዘንድሮ ዝናቡ ሲጀምር በየሳምንቱ ቅዳሜ እጄን ምንጣፉ ሥር እሰዳለሁ። እስካሁን ደረቅ ነው። እናንተም በዚህ ቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ስጡትና ምንጣፋችሁን ግለጡ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።