የቤተ ሰብን ጽሑፍ ከአሮጌው ኮምፒዩተር ወደ አዲሱ ስለ ማሻገር

የቤት ዕቃ ባረጀ ጊዜ አዲስ መግዛትና አሮጌውን መጣል የተለመደ ነገር ነው። ድስት ቢያረጅ በውስጡ የሚቀር ነገር የለምና ቢጣል ጉዳት የለበትም። ኮምፒዩተር ግን እንደ ድስት ሳይሆን እንደ ሣጥን ያለ ነው። ባለቤቱ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የጻፈው ደብዳቤ፥ የልጆች ፎቶግራፍ፥ የቤት ሒሳብ፥ የውል ግልባጭ፥ አንዳንድ ጊዜም አባት ለልጆቹ ሲል ያሰናዳው የትውልድ ታሪክ በውስጡ ተቀምጦ ይገኛል። ስለዚህ አሮጌው ለቆራሌው ከመሰጠቱ በፊት በውስጡ ያለው ሁሉ ወደ አዲሱ መሻገር ይገባዋል። ዛሬ በዚህ ዓምድ የምንናገረው ስለዚሁ ሥራ ነው። ዓመታቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን እንለምናለን።

ብዙ ሰዎች ሁለቱን ኮምፒዩተሮች በአንድ የቤት መረብ ላይ ካገናኙ በኋላ አዲሱ አሮጌውን አላውቀውም ሲል ባዩ ጊዜ ይደነቃሉ። ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፒዩተሮች በመረብ ላይ ፋይል የሚሰጣጡበት ኤስ ኤም ቢ የሚባል ቋንቋ አለ። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የሚያውቀው የዚህን ቋንቋ የመጀመሪያውን ዓይነት ብቻ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ሁለተኛው ዓይነት መጣ፤ ኋላም ሦስተኛው ተከተለ። ከ2017 መጨረሻ ወዲህ የወጡት የዊንዶውስ 10 እትሞች፥ በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11ም፥ ለመጀመሪያው ዓይነት በራቸውን እየዘጉ መጡ። እንግዲህ ሽማግሌው የዱሮውን ቋንቋ ብቻ ሲናገር ወጣቱ ያንን ቋንቋ እንዳይሰማ ተከልክሏል ማለት ነው።

ክልከላውም ያለ ምክንያት አልተደረገም። በሜይ 12 ቀን 2017 ዋናክራይ የተባለ ተንኰለኛ ፕሮግራም በዚሁ በመጀመሪያው ዓይነት ውስጥ በነበረ ቀዳዳ ገብቶ በብዙ አገሮች የሰውን ፋይል ቈለፈ፤ ለመክፈቻውም ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ያሉ የመንግሥት ሐኪም ቤቶች ሳይቀሩ ቀጠሮ ለመሰረዝ ተገደዱ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን እርማት ከሁለት ወር ያህል በፊት፥ በማርች 2017፥ አውጥቶ ነበርና የተጐዱት ብዙዎቹ እርማቱን ሳይወስዱ የቆዩ ነበሩ። ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚደረገው እርዳታ በኤፕሪል 8 ቀን 2014 የተቋረጠ ስለ ሆነ፥ ለእርሱ የሚሆነው እርማት ለሁሉ የተሰጠው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ አንዳንድ ሰዎች «በአዲሱ ላይ የዱሮውን ቋንቋ ክፈትና ይነጋገራሉ» ብለው ቢመክሩ፥ ምክራቸው የሚሠራ ቢሆንም የምንመርጠው አይደለም። ለአንድ ቀን ዕቃ ለማስገባት የግቢን በር ለዘወትር ከፍቶ እንደ መተው ይሆናልና። ከዚህ የተሻለ ሦስት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው መንገድ የአሮጌውን ዲስክ አውጥቶ፥ የዲስክን መሰኪያ ወደ ዩኤስቢ በሚለውጥ መሣሪያ ከአዲሱ ጋር ማገናኘት ነው። ይህ መንገድ አሮጌው ኮምፒዩተር አልነሣ ቢል እንኳ ዲስኩ ደኅና እስከ ሆነ ድረስ ይሠራል። መሣሪያውን የሚገዛ ሰው ዲስኩ ሰፊ ጥብጣብ የሚገባበት አይ ዲ ኢ ወይም ጠባብ መሰኪያ ያለው ሳታ መሆኑን አስቀድሞ ይይ፤ ሁለቱ አይለዋወጡምና።

ሁለተኛው መንገድ ፍላሽ ነው። ይህ ለጥቂት ጽሑፍና ፎቶግራፍ ይበቃል። ነገር ግን ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው ሥርዓት የተሰናዳ እንደ ሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ረጅም የሠርግ ቪዲዮ አልገባም ቢል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ፍላሹንም በአዲሱ ላይ ከመክፈት በፊት በጸረ ቫይረስ መመርመር ግዴታ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ሁለቱን በመረብ ሽቦ በቀጥታ ማገናኘት ነው። አስቀድሞ ሁለቱም ከኢንተርኔት ይለዩ። ከዚያም ለአንዱ 192.168.1.1፥ ለሁለተኛው 192.168.1.2 የሚል አድራሻ፥ ለሁለቱም 255.255.255.0 የሚል ጭንብል ይሰጣቸው። በአዲሱ ላይ ኤፍ ቲ ፒ በሚባለው ሥርዓት ፋይል የሚቀበል ፕሮግራም ይጫን፤ ለምሳሌ ፋይልዚላ ሰርቨር ያለ ዋጋ የሚገኝ ነው። አሮጌው ይህን ቋንቋ ከዱሮ ጀምሮ ያውቀዋልና ያለውን ሁሉ ይልካል። ኤፍ ቲ ፒ የይለፍ ቃልን ሳይሰውር የሚያሳልፍ ስለ ሆነ የውጭው መሥመር ሳይቈረጥ አይጀመር፤ ሥራው እንዳለቀም ተቀባዩ ፕሮግራም ይዘጋ።

ጊዜውንም አስቀድሞ መገመት ይቻላል። 40 ጊጋባይት የሚያህል ነገር በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ አሮጌ መሰኪያ ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል፤ በ100 ሜጋቢት ወደ 53 ደቂቃ፥ በ1,000 ሜጋቢት ደግሞ 5 ደቂቃ ተኩል ያህል ነው። ይህ ሽቦው የሚችለው ነው፤ አሮጌ ዲስክ ግን ይዘገያልና ከዚህ አብልጦ መጠበቅ ያስፈልጋል።

አሁን ለአማርኛ ጸሐፊዎች ይልቁንም የሚያስፈልገውን ነገር እንናገራለን። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፥ ከዚያም በኋላ ብዙ ዘመን፥ እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። እንዲህ ተደርጎ የተጻፈ ፋይል የፊደሉ ቅርጽ በሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ይታያል። ልጆች ይህን አይተው «ተበላሽቷል» ብለው የአያታቸውን ጽሑፍ ሊደመስሱት ይችላሉ። ጽሑፉ ግን አልተበላሸም፤ የጐደለው የሚነበብበት ቅርጽ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፋይሎቹ ጋር በአሮጌው ዊንዶውስ ውስጥ ፎንትስ ከሚባለው ማኅደር የአማርኛው ፊደል ቅርጾች አብረው ይሻገሩ፤ በአዲሱም ላይ ይጫኑ። አሮጌው ገና ሳይዘጋ ዋና ዋናውን ጽሑፍ በወረቀት ማተም ብልኅነት ነው። ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጥ ፕሮግራም የተገኘ እንደ ሆነም ግልባጩ ከታተመው ወረቀት ጋር ቃል በቃል ይመሳከር፤ በመገልበጥ ጊዜ አንዳንድ ፊደል ይለወጣልና።

እኛ በመዝገብ ሥራ የምንኖር ሰዎች የምናውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ይኸውም ግልባጩ ከዋናው ጋር ሳይመሳከር ዋናው ከእጅ አይወጣም የሚል ነው። በዚህም ሥራ ሕጉ ያው ነው። ፋይሉ ይቀዳ እንጂ አይቈረጥ፤ በመካከል መብራት ቢጠፋ ዋናው በስፍራው ይገኛልና። ተቀድቶ ሲያልቅ የፋይሎቹ ቍጥርና የባይቱ ልክ በሁለቱም ወገን ይታይ፤ ከየማኅደሩም ጥቂት ጥቂቱ ተከፍቶ ይነበብ። ከዚህ በኋላ አንድ ቅጅ በአዲሱ ኮምፒዩተር፥ ሁለተኛው በውጭ ዲስክ፥ ሦስተኛው በሌላ ቤት በታመነ ዘመድ እጅ ይቀመጥ። ሌባ ወይም እሳት ሁለት ቤት ባንድ ቀን መግባቱ ብርቅ ነው።

ሥራውን ማን ይሥራው ያልን እንደ ሆነ፥ ለልጅ ብቻ ወይም ለአባት ብቻ የሚተው አይደለም። ልጁ እጁ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን «ያልተሰየመ 3» በሚል ስም የተቀመጠው ፋይል የርስት ውል መሆኑን አያውቅም። አባትየው ይህን ያውቃል፤ ሽቦው የት እንደሚገባ ግን አያውቅም። ስለዚህ ሁለቱ ባንድነት ይቀመጡ፤ አባት ይንገር፥ ልጅ ስሙን አስተካክሎ ይጻፍ። የግል ደብዳቤ ያለበትን ማኅደር ልጅ ያለ ፈቃድ አይክፈተው። የይለፍ ቃሉም በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ከቤቱ ሰነድ ጋር ይቀመጥ። ባለቤቱ በድንገት ያረፈ እንደ ሆነ ወራሾቹ ቤቱን እያዩ የቤቱን ወረቀት ለማየት ይቸገራሉና።

በመጨረሻም አሮጌው ለሌላ ሰው የሚሰጥ ከሆነ ዲስኩ በሙሉ በሚያጠፋ ፕሮግራም ይጥፋ። ፋይልን ወደ ቆሻሻ ቅርጫት መጣልና ቅርጫቱን ባዶ ማድረግ አይበቃም፤ ዐዋቂ ሰው ሊመልሰው ይችላልና።

ይህ ሁሉ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን የበለጠ አይፈጅም። በቤቱ አሮጌ ኮምፒዩተር ያለው ሰው ነገ ዛሬ ሳይል ቀኑን ይቍረጥ፤ ዲስክ የሚሞትበትን ቀን አስቀድሞ አይናገርምና።