ያላለቀው ይውጣ!
አንድ ጊታሪስት ከሮክ እስከ ትዝታ የጀማመራቸውን ሥራዎች ሰብስቦ የናሙና አልበም ቢያወጣ ምኑ ነው ነውሩ? «መጀመሪያ ይጨርስ!» ባዮች አሉ። ይገርማል! በቀየት ሠርግ ላይ ማሲንቆ የያዘ አዝማሪ ግጥሙን የሚጨርሰው ታዳሚው ፊት ነው፤ ማን «ጨርሰህ ና» አለው?

እስቲ ሰላም ስዩምን አስቡት። ከአይቤክስ እስከ ሮሃ ባንድ ስንቱን ድምፃዊ በጊታሩ አጀበ! ካሴቱ ላይ የጎላው ግን የዘፋኙ ስም ነው። አይቤክስ በ1976 እ.ኤ.አ. ራስ ሆቴል የቀዳው ድምፃዊ የሌለበት የመሣሪያ ሙዚቃ እንኳ ለዓለም ገበያ የቀረበው ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ያለቀው እንዲህ ከዘገየ፣ ጅምሩማ ከባለቤቱ ጋር መቀበሩ አይደል? አሳትሙት፣ እኛም እንግዛው። ጨራሹ ነገ የሚነሣ ሌላ ጊታሪስት ሊሆን ይችላል።