የሞት ቁጥር ሲነገረን ምን ብለን እንጠይቅ?

«ኳታር ውስጥ የሚሞተው ሰው እኮ ከሀብታሞቹ አገሮች ሁሉ ያነሰ ነው፤ ምን ያስፈራል?» የሚል ሰው ቢገጥማችሁ ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ኳታር ውስጥ በዓመት ከ1,000 ሰው የሚሞተው 1 ገደማ ነው። ጃፓን ውስጥ ከ12 ያልፋል። ግን ጃፓናውያን በአማካይ 84 ዓመት ገደማ የሚኖሩ፣ በዓለም ረጅም ዕድሜ ካላቸው ሕዝቦች አንዱ ናቸው። ታዲያ ኳታር ከጃፓን ይልቅ ለጤና ትመቻለች ማለት ነው? በፍጹም።

ነገሩን በዕድር እንየው። አዛውንት የሚበዙበት የድሮ ሰፈር ዕድር ድንኳን ቶሎ ቶሎ ይተክላል። ወጣት ባለትዳሮች ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያቋቋሙት ዕድር ግን ድንኳኑን የሚያወጣው አልፎ አልፎ ነው። ይህ የዕድሜ ጉዳይ ነው እንጂ የድሮው ሰፈር ሰው ይገድላል ማለት አይደለም። አሁን ሦስተኛ ዕድር እናስብ፤ ሐኪም መርምሮ ጤነኛ ያለውን ወጣት ብቻ የሚቀበል፣ አባሉ ሲታመም ወይም ሲያረጅ የሚያሰናብት። እዚያ ለቅሶ ብርቅ ነው።

ኳታርና የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ይህን ሦስተኛ ዕድር ይመስላሉ። ከ10 ነዋሪ 9ኙ ገደማ የውጭ አገር ሰው ነው፤ አብዛኛው ለሥራ የመጣ፣ የጤና ምርመራ ያለፈ ጎልማሳ ነው። መሥራት ሲያቅተው ወደ አገሩ ይመለሳል። ሙቀት ኩላሊቱን ጎድቶት አገሩ ገብቶ ቢሞት፣ ሞቱ የሚቆጠረው በአገሩ ነው። ስለዚህ ማወዳደር ካለብን የ25 ዓመትን ጤነኛ ሠራተኛ ከሌላ የ25 ዓመት ጤነኛ ሠራተኛ ጋር እናወዳድር።

ቁጥር ወደ ሌላው ጎንም ያሳስታል። እ.ኤ.አ. በ2021 ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ፣ ኳታር የዓለም ዋንጫን እንድታዘጋጅ ከተመረጠችበት ከ2010 ወዲህ ከ6,500 በላይ የህንድ፣ የፓኪስታን፣ የኔፓል፣ የባንግላዴሽና የስሪላንካ ሰዎች እዚያ መሞታቸውን ጻፈ። ብዙ ሰው ሁሉም ስታዲየም ሲሠሩ እንደሞቱ አድርጎ አወራው። ቁጥሩ ግን የየትኛውንም ሥራና የየትኛውንም ምክንያት ሞት የያዘ ነው። የኳታር መንግሥት ደግሞ ከሕዝቡ ብዛት አንጻር የሚጠበቅ ነው አለ።

በእኔ እይታ ሁለቱም ወገን የሚያልፈው ዋና ጥያቄ አለ፦ በምን ሞቱ? በብዙዎቹ የሞት ወረቀት ላይ ያለው «የተፈጥሮ ሞት» ወይም «ልቡ ቆሞ» የሚል ብቻ ነው። የሞተ ሰው ሁሉ እኮ ልቡ ይቆማል! ምርመራ አልፎ የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ተኝቶ ሲቀር፣ ልቡን ያቆመው ምንድን ነው? ሙቀት? እረፍት ማጣት? ያልታከመ በሽታ? ምክንያቱ ካልተጻፈ ተጠያቂ የለም፤ ቤተሰቡ ካሳ ለመጠየቅ መነሻ ያጣል፤ ቀጥሎ የሚመጣውም ሠራተኛ በዚያው አደጋ ውስጥ ይገባል።

ኳታር ከ2021 ጀምሮ ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ (በፈረንጆቹ ወር) ከጠዋቱ 4፡00 እስከ ቀኑ 9፡30 ደጅ ላይ ማሠራት ከልክላለች። ጥሩ ነው። ሰው ቤት ተዘግቶባት ሌሊቱን ስትሠራ የምታድረውን እህታችንን ግን ይህ ክልከላ አይደርስላትም።

እንግዲህ እኛ የምንችለውን እናድርግ። ከመውጣታችሁ በፊት የተመረመራችሁበትን ውጤት ቅጂ ለቤተሰብ ተዉ፤ ጤነኛ ሆናችሁ እንደሄዳችሁ ማሳያ ነው። የምታውቁት ሰው ቢሞት፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ምክንያት በቋንቋው በሚያነብ ሰው አስነብቡ። ምክንያቱ ግልጽ ካልሆነ ቤተሰቡ አስከሬኑ ሳይቀበር፣ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል ምርመራ እንዲደረግ በጽሑፍ ይጠይቅ። አብረውት የሠሩም ስለ ሥራ ሰዓቱና ስለ ሕመሙ የሚያውቁትን ቀኑን ጠቅሰው ይጻፉ።

ከሺህ አንድ ትንሽ ቁጥር ነው። ያ አንዱ የማን ልጅ እንደሆነና በምን እንደሞተ ግን መጠየቅ አለብን።